የጣራ መስኮት ዋጋ

የሰው ልጅ ቤት መሥራት ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ ሁለት እርስ በርሳቸው የማይስማሙ ፍላጎቶች ሲያታግሉት ኖረዋል። በአንድ በኩል ዝናሙን፣ ቁሩን፣ ነፋሱንና ሌባውን ከውጭ ማስቀረት ይሻል፤ በሌላ በኩል ደግሞ ብርሃኑንና አየሩን ወደ ውስጥ ማስገባት ይፈልጋል። በኢትዮጵያ የገጠር ጎጆ ይህ ክርክር የተፈታው ባመዛኙ ለመጀመሪያው ፍላጎት በማድላት ነው፤ ብርሃኑ በበር ይገባል፣ ጭሱም በሣር ክዳኑ እየተጣራ ይወጣል። የቆርቆሮ ክዳን በተስፋፋበት ከተማ ደግሞ ከቆርቆሮዎቹ አንዱን ብርሃን በሚያስተላልፍ ፕላስቲክ መተካት የታወቀ ዘዴ ነው። ጣራን ቀዶ ብርሃን ማስገባት ለባለቤቱ ምን ያህል ያስከፍለው እንደ ነበር ግን በሕግ፣ በግብር መዝገብና በሂሳብ ተጽፎ የቆየው በእንግሊዝ አገር ነው። በዚያ አገር መንግሥት ራሱ ለ155 ዓመታት ያህል የነዋሪዎቹን መስኮት ሲቆጥር ኖሯልና። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የመስኮት ግብር የታወጀው በ1696 ነው። እንግሊዝ በዚያን ጊዜ ከፈረንሳይ ጋር ጦርነት ላይ ነበረች፤ በዚያ ላይ የብር ገንዘቧ ዳር ዳሩን በመቀስ እየተከረከመ ስለ ተጓደለ ሳንቲሙን ሁሉ ሰብስቦ እንደገና ማተም ግድ ሆኖ ነበር። ኪሳራውን የሚሸፍን ገቢ ተፈለገ። ቀደም ሲል ከ1662 እስከ 1689 ድረስ ሕዝቡ በምድጃ ቁጥር ግብር ይከፍል ነበር፤ ምድጃ ግን የሚገኘው ከቤት ውስጥ ስለ ሆነ ቆጣሪው ደጅ ከፍቶ፣ ጓዳ ዘልቆ መግባት ነበረበት። ሕዝቡም የጠላው ግብሩን ብቻ አልነበረም፤ የቆጣሪውን ጫማ ጭምር እንጂ። መስኮት በአንፃሩ ከመንገድ ላይ ቆሞ የሚቆጠር ነገር ነው። መስኮት የበዛለት ሀብታም ነው፣ ያነሰበትም ድሃ ነው የሚል ቀላል ግምት ተያዘና ሕጉ ወጣ። የሚኖርበት ቤት ሁሉ በዓመት 2 ሺልንግ እንዲከፍል፣ ከ10 እስከ 20 መስኮት ያለው 4 ሺልንግ፣ ከዚያ በላይ ያለው ደግሞ 8 ሺልንግ እንዲጨምር ተወሰነ። የደብሩን ግብር መክፈል የማይችሉ ድሆች ጎጆዎች ብቻ ነፃ ሆኑ።

ይህ የመጀመሪያው ሕግ ደረጃው ሰፊ ስለ ነበር አንድ መስኮት ቢጨመር ወይም ቢቀነስ ለብዙዎች ለውጥ አያመጣም ነበር። ነገሩ የከረረው በ1747 ነው። በዚያ ዓመት የወጣው ሕግ ግብሩን በእያንዳንዱ መስኮት ላይ አሳረፈው። ከ10 እስከ 14 መስኮት ያለው ቤት በየመስኮቱ 6 ፔንስ፣ ከ15 እስከ 19 ያለው 9 ፔንስ፣ 20 እና ከዚያ በላይ ያለው ደግሞ 1 ሺልንግ ማለትም 12 ፔንስ እንዲከፍል ሆነ። ከ10 በታች የሆነ ግን ከመደበኛው 2 ሺልንግ በቀር የመስኮት ሂሳብ አልነበረበትም። ሕጉን ያረቀቁት ሰዎች ይህን ሲጽፉ የተመጠነና የተስተካከለ ነገር የሠሩ ሳይመስላቸው አልቀረም። ሂሳቡ ሲሠራ ግን ሌላ ነገር ይገኛል።

ዘጠኝ መስኮት ያለው አንድ አናጢ ወይም ባለ ሱቅ በጣራው ሥር ያለችውን ጨለማ ክፍል ልጆቹ እንዲያድሩባት ወይም ሥራ እንዲሠራባት ፈለገ እንበል። ጣራውን ቀዶ አንዲት ክንድ የማትሞላ መስተዋት ቢያስገባ መስኮቱ አሥር ይሆናል። አዲሷ መስኮት የምታስከፍለው ግን 6 ፔንስ አይደለም፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ነፃ የነበሩትን ዘጠኙንም ይዛ ወደ ግብር ትገባለች። አሥር ጊዜ 6 ፔንስ 60 ፔንስ ወይም 5 ሺልንግ ነው። ይህም የሚከፈለው አንድ ጊዜ ሳይሆን በየዓመቱ፣ ቤቱ እስከ ቆመና ሕጉ እስካለ ድረስ ነው። አሥራ አራት የነበረው አሥራ አምስተኛውን ሲጨምር ደግሞ ሂሳቡ ከ7 ሺልንግ ወደ 11 ሺልንግ ከ3 ፔንስ ይዘላል። አሥራ ዘጠኝ የነበረው ሃያኛውን ሲከፍት ከ14 ሺልንግ ከ3 ፔንስ ወደ ሙሉ 1 ፓውንድ ይደርሳል፤ የዚያች የአንዲት መስኮት ዓመታዊ ዋጋ 5 ሺልንግ ከ9 ፔንስ ሆነ ማለት ነው።

ሕዝቡ ሂሳቡን ከሕግ አውጪዎቹ ይልቅ አሳምሮ ያውቅ ነበር። በ2015 ሁለት የኤኮኖሚ ሊቃውንት ከ1747 እስከ 1757 የተጻፉ የመስኮት ግብር መዝገቦችን መርምረው ባወጡት ጥናት፣ የቤቶቹ የመስኮት ቁጥር በ9፣ በ14 እና በ19 ላይ ከመጠን በላይ ተከማችቶ አግኝተውታል። በ10፣ በ15 ወይም በ20 ላይ የሚቆም ቤት ጥቂት ነው። ይህ የሥነ ሕንፃ ጥበብ ያመጣው ቁጥር አይደለም። ባለቤቱ ወይ አንዱን መስኮት በጡብ ደፍኖታል፣ ወይም ሊከፍት ያሰበውን ትቶታል። መንግሥትም ከተደፈነው መስኮት ሳንቲም አላገኘም፤ ነዋሪውም ብርሃኑን አጣ፤ በመካከሉ ማንም ያልተጠቀመበት ጨለማ ተፈጠረ። የኤኮኖሚ ሊቃውንቱ የግብሩን ጥናት የሚወዱትም ለዚህ ነው፤ በሌላ ግብር ዘንድ በሂሳብ ብቻ የሚታሰበው ጉዳት እዚህ ላይ በጡብና በኖራ ተሠርቶ ቆሟል።

የጣራ መስኮት በዚህ ታሪክ ውስጥ የተለየ ቦታ አለው። ቆጣሪው ከመንገድ ላይ ቆሞ የግንቡን መስኮት ቢቆጥርም ጣራ ላይ የተከፈተውን ማየት አይችልም። ቢሆንም አላመለጠም። በ1808 በወጣው ሕግ ዝርዝር ውስጥ የጣራ መስኮቶች በስማቸው ተጠርተዋል፤ ከእነርሱም ጋር በደረጃ፣ በጣራ ሥር ክፍል፣ በምድር ቤትና በመተላለፊያ ያለ ማናቸውም ብርሃን ማስገቢያ፣ አሠራሩ ምንም ይሁን ምን፣ ግብር እንዲከፈልበት ተደንግጓል። በአንድ መቃን ውስጥ የተሠሩ ሁለት መስኮቶች እንኳ በመካከላቸው ያለው ክፍፍል 12 ኢንች ከሞላ ሁለት ሆነው ይቆጠሩ ነበር። የወተትና የአይብ ማስቀመጫ ክፍሎች ብቻ፣ መስተዋት የሌለበት መስኮት እስካላቸውና የክፍሉ ስም በበሩ ላይ በግልጽ እስከ ተጻፈ ድረስ፣ ነፃ ተደርገዋል። በአንዳንድ አሮጌ የእንግሊዝ ገበሬ ቤቶች ይኸው ጽሕፈት እስከ ዛሬ ይነበባል። አይብ ከሰው ይልቅ የነፃ አየር መብት አግኝቶ ነበር ማለት ነው።

በ1784 ደግሞ የመስኮት ግብር በሻይ ሳቢያ ከፍ አለ። የሻይ ቀረጥ ከዋጋው 119 በመቶ ደርሶ ስለ ነበር ሻይ በኮንትሮባንድ ይገባ ነበር፤ ጠቅላይ ሚኒስትር ዊልያም ፒት ቀረጡን ወደ 12 ከግማሽ በመቶ አወረደና ጉድለቱን በመስኮት ላይ ጫነው። ሻይ ጠጪው ያተረፈውን መስኮት ከፋቹ ከፈለው።

እስከዚህ የተነገረው ስለ ግብሩ ብቻ ነው። መስተዋቱ ራሱ ሌላ ዕዳ ነበረበት። ከ1745 ጀምሮ በመስተዋት ፋብሪካ ላይ በክብደት የሚታሰብ የኤክሳይዝ ቀረጥ ተጥሎ ነበር፤ የቀረጥ ሹማምንትም ከምድጃው አጠገብ ቆመው ሥራውን ይቆጣጠሩ ነበር። በዚያን ጊዜ የእንግሊዝ የመስኮት መስተዋት የሚሠራው በትንፋሽና በማሽከርከር ነው። ሠራተኛው የቀለጠውን መስተዋት በረጅም የብረት ቱቦ ጫፍ ጠቅልሎ ያነሣና እንደ ፊኛ ይነፋዋል፤ ከዚያም ወደ ሌላ ዘንግ አዛውሮ በእሳቱ ፊት በኃይል ያሽከረክረዋል። ፊኛው አፉን ይከፍትና በድንገት እንደ ሰፊ ምጣድ ይዘረጋል። ከዚህ ክብ ላይ ትናንሽ አራት ማዕዘን ቁራጮች ይቆረጣሉ፤ ዘንጉ የተጣበቀበት መሐሉ ግን ወፍራምና ጎርበጥ ያለ እንደ ዓይን የመሰለ ጠባሳ ስለሚቀርበት በርካሽ ይሸጣል። መስተዋቱ የሚያብረቀርቅና የጠራ ነው፤ ትልቅ ሊሆን ግን አይችልም። ቀረጡ በክብደት ስለ ሆነም ሠሪው ባሳሳው መጠን ያተርፋል።

ስስ መስተዋት በግንብ ላይ ቀጥ ብሎ ሲቆም እንደ ነገሩ ያገለግላል። በጣራ ላይ ተጋድሞ በረዶ ሲወርድበት ግን ሌላ ነው። ደግሞም ቁራጮቹ ትናንሽ በመሆናቸው ጣራ ለመሸፈን እንደ ዓሣ ቅርፊት አንዱ በሌላው ላይ ተደርቦ መደርደር ነበረበት። በመደረቢያው መካከል ውሃ ይሰርጋል፤ የለንደን የድንጋይ ከሰል ጥላሸት ይሞላበታል፤ በክረምትም ውሃው ሲረጋ መስተዋቱን ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ የጣራ መስኮት የሚያሠራ ሰው ዋጋውን ለአንድ ባለሙያ ከፍሎ አይጨርስም። አናጢው የጣራውን ማገር ቆርጦ መቃኑን ያስገባል፤ የእርሳስ ሠራተኛው ዝናም እንዳይገባ ዙሪያውን በእርሳስ ቆርቆሮ ያለብሳል፤ መስተዋት ገጣሚው በስቱኮ ያጣብቃል። ስቱኮው ፀሐይና ቁር ሲፈራረቅበት ይደርቅና ይፈረፈራል፤ ያን ጊዜ ሁሉም እንደገና ይጠራሉ። ከቤት ግንባታ ሥራዎች ሁሉ ጥገናው ማለቂያ የሌለው ይኸኛው ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ይህን ሁሉ ወጪ ችሎ ብርሃንን ከላይ ማውረድ ምን ሊሠራ እንደሚችል ያሳየው የሕንፃ ነዳፊው ጆን ሶን ነው። ሶን በ1753 ከአንድ ግንበኛ ቤት ተወልዶ፣ በችሎታው እያደገ፣ በ1788 የእንግሊዝ ባንክ የሕንፃ ነዳፊ ለመሆን የበቃ ሰው ነበር። የባንኩ ሥራ ራሱ የጣራ መስኮት ትምህርት ቤት ሆነው። ወርቅ የሚቀመጥበት ሕንፃ ወደ መንገድ የሚከፈት መስኮት እንዲኖረው አይፈለግም፤ በመሆኑም ሶን ባንኩን በደፈናው ግንብ ከበበና የውስጡን አዳራሾች በጉልላትና በጣራ መስተዋት አበራቸው። ለሌባ የተዘጋው ግንብ ለሰማይ ተከፈተ። ከ1811 ጀምሮ በዳሊች ለሠራው የሥዕል ማሳያ አዳራሽም ይህንኑ ዘዴ ተጠቀመ። የጎን መስኮት በሥዕል ላይ ነጸብራቅ ይጥላል፤ ሥዕል የሚሰቀልበትንም ግድግዳ ይሻማል። ብርሃኑ ከላይ ሲመጣ ግን አራቱም ግድግዳዎች ለሥዕሉ ይለቀቃሉ። ከዚያ ወዲህ በአውሮፓና በአሜሪካ የተሠሩ ብዙ የሥዕል ሙዚየሞች የዳሊችን ፈለግ ተከትለዋል፤ ዛሬ በእንዲህ ዓይነት አዳራሽ ውስጥ ቆሞ ሥዕል የሚመለከት ሠዓሊ የዚህ የግንበኛ ልጅ ባለዕዳ ነው።

ከሁሉም የሚያስደንቀው ግን ለንደን ውስጥ በሊንከንስ ኢን ፊልድስ ለራሱ የሠራው መኖሪያ ቤት ነው። በ1792 ቁጥር 12ን ገዛ፤ ቆይቶም ቁጥር 13ን ከዚያም ቁጥር 14ን ጨመረ። ቤቶቹ በረድፍ የተጣበቁ፣ ግራና ቀኛቸው በጎረቤት ግንብ የተዘጋ ናቸው። ሶን ደግሞ የኋላውን ጓሮ ሁሉ በሕንፃ ሸፍኖ የሰበሰባቸውን ቅርጻ ቅርጾች፣ የሕንፃ ስብርባሪዎችና ሥዕሎች አከማቸበት። በጎን የሚከፈት መስኮት የሌለው ይህ የቤቱ ክፍል የሚኖረው በጣራው ብርሃን ብቻ ነው። በቁርስ ቤቱ ጣራ ላይ ዝቅ ያለ ጉልላት እንደ ጃንጥላ ተዘርግቷል፤ በአናቱ ላይ ትንሽ የብርሃን ማስገቢያ አለ፤ ከጉልላቱ ጀርባ ደግሞ ከዓይን የተሰወሩ የጣራ መስኮቶች ግድግዳውን ከላይ ወደ ታች ያጥቡታል። ሰውየው ብርሃኑን በመስተዋት ላይ እያነጠረ ትንሿን ክፍል ሰፊ አስመስሏታል። በ1824 የብሪቲሽ ሙዚየም ዋጋው በዛብኝ ያለውን የግብፁን ፈርዖን የቀዳማዊ ሴቲን የድንጋይ ሣጥን በ2,000 ፓውንድ ገዝቶ በምድር ቤቱ ሲያስቀምጠው፣ ቦታውን የመረጠው ከጉልላቱ የሚወርደው የቀን ብርሃን በቀጥታ በሚደርስበት ሥፍራ ነው። በ1833 ቤቱ በነበረበት ሁኔታ ተጠብቆ ለሕዝብ እንዲቆይ ፓርላማው ልዩ ሕግ አወጣለት፤ ሶንም በ1837 ዐረፈ። ቤቱ ዛሬም ሙዚየም ነው።

ሶን ብርሃኑን እንደ ቀለም የተጠቀመበት እርሱ የመክፈል አቅም ስለ ነበረው ነው። በዚያው ከተማ በስፒታልፊልድስ ሠፈር የሐር ሸማኔዎች ይኖሩ ነበር። ከእነርሱ ብዙዎቹ በሃይማኖታቸው ምክንያት ከፈረንሳይ የተሰደዱ ሰዎች ዘሮች ናቸው። የሐር ክር ከፀጉር የቀጠነ ስለ ሆነ ሸማኔው ብርሃን ከሌለው ሥራ የለውም፤ ስለዚህ የሽመና ዕቃቸውን ከቤቱ ጫፍ፣ ከጣራው ሥር አውጥተው ሰፋፊ መስኮት ከፈቱ። ለእነርሱ ያ መስኮት ጌጥ አልነበረም፤ እንደ መወርወሪያው ሁሉ የሥራ መሣሪያ ነበር። ሕጉ ግን በመሣሪያና በጌጥ መካከል ልዩነት አላደረገም።

ከሸማኔው የባሰበት ደግሞ በክፍል የሚከራየው የከተማ ድሃ ነው። አንድ ትልቅ ቤት ለብዙ ቤተሰቦች ተከፋፍሎ ቢከራይም ግብሩ የሚቆጠረው እንደ አንድ ቤት ነበር። ለእያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ አንድ መስኮት ሲደርሰው የቤቱ ድምር ከከፍተኛው ደረጃ ይገባል። ከፋዩ አከራዩ ስለ ሆነ የትኛው መስኮት እንደሚደፈን የሚወስነውም እርሱ ነው፤ በደረጃው ላይና በጣራው ሥር ያሉት መጀመሪያ ይደፈናሉ፤ እዚያ የሚያድረው ድምፁ የማይሰማ ተከራይ ነውና። አዳም ስሚዝ በ1776 ባሳተመው መጽሐፉ ግብሩን የነቀፈው በዚሁ አድልዎ ነው። በገጠር ከተማ 10 ፓውንድ የሚከራይ ቤት በለንደን 500 ፓውንድ ከሚከራየው ቤት የበለጠ መስኮት ሊኖረው እንደሚችልና ግብሩ ከሀብታሙ ይልቅ በድሃው ላይ እንደሚከብድ አስረድቷል። ከ1840ዎቹ ጀምሮ ደግሞ ሐኪሞችና የከተማ ጤና ጠበቆች ክርክሩን ከገንዘብ ወደ ሕይወት አዞሩት፤ አየርና ብርሃን በሌለበት ቤት ተስቦ እንደሚነግሥ እያሳዩ ጮኹ። ቻርልስ ዲክንስም በ1850 በሚያዘጋጀው መጽሔት ላይ ግብሩን አጥብቆ ተቃወመ።

ግብሩ የፈረሰው እንደ አሮጌ ግንብ ቀስ በቀስ ነው። በ1823 በግማሽ ተቀነሰ፤ በ1825 ከስምንት መስኮት በታች ያላቸው ቤቶች ነፃ ወጡ። በ1845 ጠቅላይ ሚኒስትር ሮበርት ፒል የመስተዋቱን ኤክሳይዝ ሙሉ በሙሉ ሰረዘ። ፋብሪካው ከተቆጣጣሪው ዓይን ነፃ ሲወጣ ጥበቡም ተፈታ። በስሜትዊክ የቻንስ ወንድማማቾች ፋብሪካ ከ1832 ጀምሮ በፈረንሳይና በቤልጅግ ሠራተኞች እርዳታ መስተዋቱን በረጅም ሲሊንደር ነፍቶ፣ በቁመቱ ሰንጥቆና አሙቆ ጠፍጣፋ ገበታ የማድረግን ዘዴ አስገብቶ ነበር፤ አሁን በብዛት አመረተ። በ1847 ደግሞ ጄምስ ሃርትሌይ የተባለው የሰንደርላንድ ባለ ፋብሪካ የቀለጠውን መስተዋት አፍስሶ በመዳመጫ የመዘርጋት የባለቤትነት መብት አገኘ። ይህ መስተዋት እንደ ፊተኛው የጠራ አልነበረም፤ ሻካራና ደብዘዝ ያለ ነው። ግን ወፍራም፣ ጠንካራና ርካሽ ነበር፤ በጣራ በኩል ደግሞ ከሰማይ በቀር የሚታይ ነገር ስለሌለ የመስተዋቱ አለመጥራት ማንንም አልጎዳም። የባቡር ጣቢያዎች፣ ፋብሪካዎችና የገበያ አዳራሾች ጣራቸውን ያለበሱት በእንዲህ ዓይነቱ መስተዋት ነው። የጣራ መስኮት ከባለጸጋ ቤት ወጥቶ ወደ ተራው ሰው የወረደው በሃርትሌይ ሻካራ መስተዋት ነው ለማለት ይቻላል፤ በሶን ጉልላት አይደለም።

በ1850 ግብሩን ለመሻር የቀረበው ሐሳብ በፓርላማው በሦስት ድምፅ ብልጫ ብቻ ወደቀ። በሚቀጥለው ዓመት ሜይ 1 ቀን በሃይድ ፓርክ የዓለም ኤግዚቢሽን ተከፈተ። የአትክልት ባለሙያው ጆሴፍ ፓክስተን የነደፈው አዳራሽ ከብረትና ከመስተዋት ብቻ የተሠራ ይመስል ነበር፤ 300,000 ያህል ቁራጭ መስተዋት፣ በስፋትም 900,000 ካሬ ጫማ ገደማ የቻንስ ወንድማማቾች ፋብሪካ አቀረበለት። ተቋራጮቹ ዕቃውን መልሰው እንዲወስዱ ተስማምተው ሕንፃውን በ79,800 ፓውንድ ለመሥራት ተዋዋሉ። የመስተዋት ቀረጥ ከስድስት ዓመት በፊት ባይነሣ ኖሮ ይህን ዋጋ ማንም ሊያስበው አይችልም ነበር። ስድስት ሚሊዮን ጊዜ ያህል ሰው የተመላለሰበት ይህ የመስተዋት ጣራ በሃይድ ፓርክ ቆሞ ሳለ፣ በዚያው ክረምት በጁላይ 1851፣ የመስኮት ግብር ተሻረ። በምትኩ በዓመት 20 ፓውንድና ከዚያ በላይ በሚገመት ቤት ላይ በኪራይ ግምቱ ልክ የሚከፈል ግብር ተተካ።

በፈረንሳይ ታሪኩ ረዘም ይላል። በ1798 የታወጀው የበርና የመስኮት ግብር እስከ 1926 ድረስ ቆይቷል። ቪክቶር ሁጎ ሌ ሚዜራብል በተሰኘው ልብ ወለዱ ውስጥ ደጉ ጳጳስ ሲሰብኩ ሦስት፣ ሁለትና አንድ ክፍት ቦታ ብቻ ያላቸውን የገበሬ ቤቶች ቁጥር እንዲዘረዝሩ ያደረገው በዚሁ ግብር ምክንያት ነው።

ከግብሩ መሻር በኋላ የጣራ መስኮት ዋጋ ወደ ዕቃውና ወደ ሠራተኛው ተመለሰ። በ1942 ዴንማርካዊው መሐንዲስ ቪሉም ካን ራስሙሰን ከፋብሪካ ተገጣጥሞ የሚወጣ፣ በዘነበለ ጣራ ላይ እንደ ግድግዳ መስኮት የሚከፈትና የሚዘጋ መስኮት ቬሉክስ በሚል ስም አወጣ፤ ስሙ የአየርና የብርሃን ቃላት ተጣምረው የተሠራ ነው። አናጢው፣ የእርሳስ ሠራተኛውና መስተዋት ገጣሚው ተራ በተራ በጣራው ላይ ይሠሩት የነበረው ሥራ በአንድ ሣጥን ውስጥ ገባ። የሚፈለገው ብልሃት ግን ያው የጥንቱ ነው፤ ከመቃኑ በላይ የሚወርደውን ውሃ ግራና ቀኝ ከፍሎ ማሳለፍ።

ዛሬ በእንግሊዝ ከተሞች የሚዘዋወር ሰው በአሮጌ ቤቶች ግንብ ላይ በጡብ የተደፈኑ መስኮቶችን ያያል፤ አስጎብኚውም ሁሉንም በግብሩ ያመካኛል። ይህ አባባል በጥንቃቄ መወሰድ አለበት። ከእነዚህ ብዙዎቹ ቤቱ ሲሠራ ጀምሮ ለፊቱ ሚዛን ሲባል የተሠሩ፣ ከኋላቸው የጭስ ማውጫ ወይም የክፍል ግድግዳ ያለባቸው አስመሳይ መስኮቶች ናቸው። በግብሩ ምክንያት የተዘጉትን ለይቶ ለማወቅ የግንቡን ጡብና የግብሩን መዝገብ ማስተያየት ያስፈልጋል። በጣራ በኩል የተዘጋው ግን በግንብ ላይ እንዳለው ጠባሳ አይተውም። መቃኑ ይነቀላል፣ ማገሩ ይቀጠላል፣ ክዳኑም ይለበስበታል፤ ከመንገድ ለሚያይ ሰው ጣራው ሁልጊዜ እንዲሁ የነበረ ይመስላል።